ከአፈር የወጣ ነገር አታምጣ

«ከአፈር የወጣ ነገር እንዳታመጣ» አለችኝ እናቴ በስልክ። «ስኳር አምጣ፣ ሳሙና አምጣ፣ ልጅቷን አምጣ። ከአፈር የወጣ ነገር ግን በደጄ እንዳይገባ።»

ሳቅ እያለች ነው የተናገረችው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ከ5 ዓመት በፊት ከአፈር የወጣ ነገር ይዤላት ሄጄ ነበር፤ ጦሱን እስካሁን ስትከፍል የኖረችው እሷ ናት።

ጊዜው ጥር ነው። ጥምቀት አልፏል፣ የመንፈቅ ዓመት ፈተና አልቋል፣ የ10 ዓመቷ ልጄ ደግሞ አያቷን ካየች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከአዲስ አበባ ደሴ ገብተን አደርን። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ መካነ ሰላም የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርን። ረዳቱ «ዕቃ አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የለም» አልሁት። ያን ጊዜ ግን አንድ ሙሉ ጆንያ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ በየፌርማታው እየወረድሁ ገመዱ እንዳልላላ ስቃኝ ነበር የሄድሁት።

ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ መስኮት ዘግታችሁም ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው የገብስ አገር ነው፤ በጥር አጨዳው አልቆ ማሳው ሁሉ ቃርሚያ ብቻ ቀርቶበታል። ሣሩ የተቃጠለ ይመስላል። አቀስታ ላይ ሻይና ዳቦ ቀማመስን። ልጄ ሜዳውን እያየች «አባዬ፣ እዚህ ሁሉም ነገር ሞቷል እንዴ?» አለችኝ። አልሞተም አልኋት፣ ከሥር ነው ያለው። አላመነችኝም። እኔም በዚያ ሰዓት እንቅልፌ ስለነበር ብዙ አላብራራሁላትም።

የቤተሰቤ መሬት ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር ነው። ከላዩ ደጋ፣ ከታቹ ወይና ደጋ። አንዲት ምንጭ አለች፤ በቦይ ተጠልፋ አራት አምስት ጓሮ ታጠጣለች። የእናቴ ጓሮ ከላይ ነው፣ የጎረቤታችን ከታች። ይህን አቀማመጥ ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ያን ዓመት እናቴ የዘር ድንች እንደጠፋባት ነገረችኝ። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ሆኜ ቀርቼ፣ ድንች ድንች ነው ብዬ አሰብሁ። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ለወጥ የሚሸጥ፣ ጥሩ ጥሩ ቡቃያ ያወጣ ድንች በርካሽ አገኘሁ። ለወጥ የሚሆነው ለዘር የማይሆንበትን ምክንያት አልጠየቅሁም። ላዩ ንጹሕ ነበር። እናቴ ዘንቢሏን ይዛ እየመረጠች ስትመርቀኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ድንቹ በቀለ። ሊያብብ ሲል አንድ ቀን በቀትር ሁለት ሦስት ተክል አንገቱን ደፋ። ቅጠሉ አልገረጣም፣ አረንጓዴ እንደሆነ ነው የጠወለገው። ማታ ላይ ቀና አለ። እናቴ ውኃ ጠምቶት ነው ብላ አጠጣችው። በሳምንቱ አሥር ሆነ፣ ከዚያ መደቡ በሙሉ። የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ መጥታ አንድ አገዳ ከሥሩ ቆረጠችና ንጹሕ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠለችው። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ባክቴሪያው ነው። ባለሙያዎች «አጠውልግ» ይሉታል። ድንቹን ቆፍረን ስናወጣው ከዓይኖቹ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ወጥቶ አፈር ተጣብቆበት ነበር።

ውኃው ደግሞ ከእኛ ወደ ጎረቤታችን ነው የሚወርደው። በወሩ የእሱም ማሳ ጠወለገ።

ሽማግሌው ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ስቆም «አብሽር ልጄ፣ ና ግባ፣ ቡና ደርሷል» አሉኝ። የወሎን ሰው የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያ ቃል ከስድብ ይበልጥ ያሳፍራል።

እንግዲህ ልጄ አያቷ ቤት በደረሰች ማታ የጠየቀችው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ሌላው በሽታ በአየር፣ በውኃ፣ በነፍሳት ይመጣል፤ ይህ እንዴት በድንች ተጭኖ ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ መጣ? ድንች ዘሩ አይደለም እንዴ?

እናቴ አንድ ድንች አንስታ ሰጠቻት። «ዓይኑን ቁጠሪ» አለቻት።

ድንች ሥር አይደለም። ካሮት ሥር ነው፣ ቀይ ሥር ሥር ነው፣ ስኳር ድንችም ስሙ ቢያሳስትም ሥር ነው። ድንች ግን ግንድ ነው፤ ከመሬት በታች የወፈረ፣ ስንቁን የቋጠረ ግንድ። ሥር ዓይን የለውም፤ ይህ ግን አለው። በእያንዳንዱ ዓይን ላይ እንደ ቅንድብ የምታዩዋት ጭረት የቅጠል ቦታ ናት፤ ከጭረቷ ሥር ያለችው ደግሞ እንቡጥ ናት። ከላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ቅጠልና እንቡጥ ጎን ለጎን እንደሚወጡት ማለት ነው። ዓይኖቹ የተበተኑ ቢመስሉም ሥርዓት አላቸው፤ ድንቹን እያዞራችሁ ብትከተሏቸው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይሄዳሉ። በአንዱ ጫፍ እትብት የመሰለ ጠባሳ አለ፤ ከእናቱ ጋር የተያያዘበት ነው። በሌላው ጫፍ ዓይኖቹ ይበዛሉ፤ መጀመሪያ የሚበቅለውም ያ ነው።

ልጄ ሰባት ቆጠረች፣ አያቷ ዘጠኝ ነው አለቻት። የእኔ ዓይን አንዱንም በሚገባ ስለማያይ ከክርክሩ ወጣሁ።

እናም ድንች የምንተክለው ዘር ዘርተን ሳይሆን ቅርንጫፍ ቆርጠን ነው ማለት ነው። ድንች አበባም አለው፣ አንዳንዴም እንደ ቲማቲም ያለ አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል (ልጆች እንዳይበሉት፣ መርዝ ነው)፤ የእውነቱ ዘር በዚያ ውስጥ ነው። ገበሬ ግን አይጠቀምበትም። ከዓይን የበቀለው ተክል ከእናቱ አይለይም፤ ያው አንድ ተክል ነው፣ ዕድሜው የቀጠለ። ጣዕሙ ያው ነው፣ ምርታማነቱ ያው ነው። በሽታውም ያው ነው። በግንዱ ቧንቧ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ካለ፣ ተክሉ ሳይታመም፣ ድንቹ ሳያቆስል አብሮ ይጓዛል። ብርድ አገር ላይ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ሞቅ ያለ ቦታ ሲደርስ የሚነሳበት ጊዜ አለ። በጆንያ ያመጣሁት እሱን ነው።

አየርላንድ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የደረሰውን የምታውቁት ትኖራላችሁ። የድሀው ሕዝብ ምግብ አንድ ዓይነት ድንች ነበር፤ ማሳው ሁሉ የአንድ ተክል ቅጂ። በሽታው ከኛው የተለየ ነበር፣ ቅጠሉን የሚያጠቁርና ድንቹን የሚያበሰብስ ሻጋታ መሰል ነገር። አንዱን መግደል ከቻለ ሁሉንም መግደል ቻለ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ።

ወደ እኛ አገር ድንችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው ይባላል፣ በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ብዙ ሳይስፋፋ ቆይቶ ከክፉ ቀን ረሃብ ወዲህ ነው ገበሬው እየተቀበለው የመጣ። ዛሬ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ጃለኔን፣ ጉደኔን፣ በለጠን በስማቸው የሚጠራ ገበሬ በየቦታው አለ። እናቴ «በለጠ»ን እንደ ሰው ነው የምታወራው፤ «በለጠ ዘንድሮ ደህና ነው» ትላለች።

በሁለተኛው ቀን አጎቷ ልጄን ወደ ማሳ ወሰዳት። ሰርዶ ሊያሳያት ነው። ላዩ ደርቆ ገለባ መስሏል። በማረሻ ገለበጠው፤ ከሥር ነጭ፣ ጠንካራ፣ ሹል አፍንጫ ያለው ገመድ ወጣ። ይህም ሥር አይደለም፤ አንጓ አለው። በየአንጓው ላይ ሥርም ቡቃያም ማውጣት ይችላል። ማረሻ አንዱን ገመድ አሥር ቦታ ቢቆርጠው አሥር ሰርዶ አበዛ እንጂ አልገደለም። ለዚህ ነው ገበሬው ገመሳ፣ አይማ፣ ስልሻ እያለ በበጋ ደጋግሞ የሚያርሰው፤ ገመዱን አውጥቶ ለፀሐይ ሊያሰጣው ነው። በክረምት ቢያርሰው ግን መትከል ነው። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውን ተረት ልጄ እዚያው ማሳ ላይ ነው የሰማችው። ለአህያዋ አዘነች። ሰርዶው ግን የአህያዋን ፈቃድ አይጠይቅም።

ቄጠማም እንዲሁ ነው። ለበዓል፣ ለቡና ስንጎዘጉዘው፣ በቅዳም ስዑር ራሳችን ላይ ስናስረው፣ በየዓመቱ ከዚያው ረግረግ ይታጨዳል፣ በየዓመቱ ያው ተመልሶ ይመጣል፤ ግንዱ ጭቃ ውስጥ ተጋድሟልና። የጣና ደንገልም የዚሁ ወገን ነው። ዝንጅብልና እርድ ኩሽናችሁ ውስጥ አሉ፤ ቀለበት ቀለበቱን እዩት፣ ያ ሁሉ አንጓ ነው። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚነቅሉት እንግጫም የቄጠማ ዘመድ ነው። ከዘመዶቹ መካከል ከመሬት በታች ፍሬ የመሰለ ድብልብል ግንድ እየቋጠሩ የዓለምን ገበሬ የሚያስመርሩ አረሞች አሉ። እኛ ሣር ብለን ረግጠን የምናልፈው ሁሉ ለካ ከሥር ቤት ሠርቷል።

የእናቴ ግቢ ውስጥ ለዳቦ ቅጠሉ የሚፈለግ አንድ ኮባ አለ። ልጄ እናቱ ከደቡብ የሆነች ጓደኛ ስላላት እንሰት መሆኑን ወዲያው አወቀች፤ ያንን የተማረችው ትምህርት ቤት ሳይሆን ጓደኛዋ ቤት ቆጮ በልታ ነው። እዚህ ለዳቦ መጠቅለያ፣ እዚያ ለእንጀራ ምትክ። አሚቾ የሚባለው የሚበላው ክፍል ከመሬት በታች ያለው የግንዱ ክፍል ነው። የደቡብ ገበሬ እንሰት ሲያባዛ እምብርቱን፣ ማለትም የመሃሉን አናት ቡቃያ፣ አውጥቶ አሚቾውን መልሶ ይቀብረዋል። አናቱ ሲሄድ ዙሪያውን ተኝተው የነበሩ እንቡጦች በደርዘን ይነሳሉ። ድንችም ላይ ያው ነው፤ የአናቱ ዓይን ቀድሞ ሲበቅል ሌሎቹን ያስተኛቸዋል፤ ብትሰብሩት ይነቃሉ። እናቴ ከመትከሏ በፊት የመጀመሪያዋን ቡቃያ ቅንጥስ የምታደርገው ለዚህ ነው። እሷ ግን «ታላቁ ካልተነሳ ታናናሾቹ አይበሉም» ነው የምትለው።

በሦስተኛው ቀን ደንቆሮ ጫካ ሄድን። ልጄ ስሙን ስትሰማ ከሳቋ ብዛት መኪና ውስጥ ትን አላት። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል፤ የአገሬው ሰው አፍ ላይ ግን ያው ደንቆሮ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ አስታው፣ ከዚያም ጅብራው ይመጣል። ቀይ ቀበሮ አለ፤ እኛ አላየንም። ጭላዳ ግን አየን፣ መንጋ ሙሉ።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ተቀምጦ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ እየነጨ ይበላል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ግን ወደ ታች ይሄዳል። አንዲት እናት ጭላዳ ልጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በጣቶቿ መሬቱን ስትፍቅ ብዙ ቆመን አየናት። ቆፈረች፣ አንድ ነጭ ነገር መዘዘች፣ አፈሩን በመዳፏ ጠረገችው፣ በላች። አመልካች ጣቷና አውራ ጣቷ እንደ ወረንጦ ነው የሚገናኙት። ልጄ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ «አልሞተም ያልከኝ ይህን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ከአቀስታ ጀምሮ ስታስበው እንደነበር አላወቅሁም።

ከደንቆሮ ስንመለስ ነው እናቴ የደበቀችብኝን የነገረችኝ። አራት ዓመት ያ መደብ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ ሲፈራረቅበት ነው የኖረው። ድንች አልገባበትም፣ የድንች ዘመዶች የሆኑት ቃሪያ፣ በርበሬና ቲማቲምም። ባለሙያዋ እንደዚያ ነበር የመከረቻት። ከባዱ ግን ሌላ ነው። ድንች ምንም ያህል ተለቅሞ ቢወጣ ጥቂት መሬት ውስጥ ይቀራል፤ በዓመቱ ሳትተክሉት በገብሱ መሃል ብቅ ይላል። በሽታው የሚከርመው በእነዚያ ነው። የ70 ዓመት እናቴ በየክረምቱ እየጎነበሰች ከገብሱ መሃል አንድ በአንድ ስትነቅል፣ እያቃጠለች ስትጥል ነው የኖረችው። የእሷን መደብ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤታችንንም።

አሁን በኅዳር አራት መስመር ብቻ ለሙከራ ተክላለች። ዘሩን ከታወቀ የዘር አምራች፣ በባለሙያዋ በኩል አግኝታለች፤ ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ አቆይታ ቡቃያው አጭርና አረንጓዴ ሲሆንላት ነው የተከለችው። (ጨለማ ውስጥ የቆየ ድንች ቡቃያው ረጅምና ነጭ ሆኖ ይሰበራል። ልጆቻችሁ ሁለት ድንች ወስደው አንዱን ካርቶን ውስጥ፣ አንዱን መስኮት ላይ ለሦስት ሳምንት ቢያስቀምጡ ያዩታል። ብቻ መስኮት ላይ የቆየውን አረንጓዴ ድንች ወጥ ውስጥ እንዳትከቱት፤ ሆድ ያውካል፣ ለሕፃን ደግሞ ይብሳል።) ድንቹ ሁለት ወር አልፎታል፣ አስታቅፋዋለች፣ አብቧል። ቁርጡ የሚታወቅበት ሰዓት ነው። ለእኔ ያልነገረችኝ እንዳልጨነቅ ብላ ነው።

በመጨረሻው ቀን በቀትር ሁላችንም መደቡ ዳር ቆምን። ጎረቤታችንም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ማንም «ድንቹን ልናይ ነው» አላለም፤ ስለ ዝናብ ነው የሚወራው።

በሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ተክል አንገቷን ደፍታለች። ቅጠሏ አረንጓዴ ነው።

መጀመሪያ ያየችው ልጄ ናት። ጣቷን ስትቀስር የእናቴ ፊት እንዴት እንደሆነ አልጽፈውም። ወንድሜ ሳይናገር ወደ ቤት ሮጦ ብርጭቆ ውኃ ይዞ መጣ። አገዳውን በምላጭ ቆረጠና በክር አንጠለጠለው። ብርጭቆውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ተቀመጥን። ልጄ ሰዓቴን ወስዳ ትቆጥራለች። አንድ ደቂቃ። ሦስት። አምስት። ውኃው እንደጠራ ነው። አሥር ደቂቃ ስትል ወንድሜ ተነስቶ ተክሏን ሊነቅላት ጎተተ፤ ያለ ምንም ትግል መጣችለት። ከሥሯ ምንም አልነበረም። ታችኛው አገዳ በጥርስ ተቆርጧል፤ ድንቹም የለም። ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ወደ ቦዩ በኩል ይሄዳል።

«ፍልፈል ነው!» አሉ ጎረቤታችን። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች።

ፍልፈልም ከመሬት በታች ያለውን ግንድ በልቶ የሚያድር፣ ለክፉ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የሚያከማች ፍጡር ነው። ወንድሜ ጉድጓዱን ተከትሎ ቢቆፍር ድንቻችን ተደርድሮ ያገኘው ይሆናል አለ። እናቴ ተወው አለችው።

ከጎኗ ያለችውን ተክል ግን በዶማ ሳይሆን በእጃቸው ቆፈሩ፣ ልጄና አያቷ። ያልበሰሉ ናቸው፣ ገና በእንቁላል ልክ። ልጄ ቆጠረች፣ 11። አንዷ ገና ከቀጭኑ ነጭ ገመድ ጋር እንደተያያዘች ስለነበረች እትብቷን ለጎረቤታችን አሳየቻቸው። እሳቸውም ብርሃን ላይ አዙረው አዙረው አዩዋትና ለእናቴ መልሰው ሰጧት፤ «ለሰኔ ዘር ትሰጪኛለሽ» አሏት።

ማታ 10ዎቹን ቀቅለን በበርበሬና በኑግ ዘይት በላን። አንደኛዋን ልጄ አዲስ አበባ ልትወስዳት ፈልጋ ነበር። አያቷ «ከአፈር የወጣ ነገር ከደጄ አይወጣም» አለቻትና መደርደሪያው ላይ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻት።